አዲስ አበባን በአንድ ቀን፦ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል

ሰው ሁሉ ከአራት ኪሎ ጀምሮ ዳገቱን ይወጣና ሙዚየም ሲደርስ እግሩ አልቆ ወንበር ይፈልጋል። ተገላቢጦሹን አድርጉት። ታክሲ ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ውረዱ፣ ከዚያ ቁልቁል ነው።

መጀመሪያ የየካቲት 12 ሐውልት። በመኪና ስናልፍ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች እዩ፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የፈጁት ሕዝብ ታሪክ እዚያ ላይ አለ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም። በር ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ አትርሱ። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ክፍላቸው ሳይቀር ይጎበኛል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ሁለት ሰዓት ስጡት። ስትወጡ ደጅ ያለውን የትም የማያደርስ ደረጃ ተመልከቱ። የጣሊያን ሥራ ነው፣ አናቱ ላይ ግን የኛ አንበሳ ቆሞበታል!

ትንሽ ወረድ ስትሉ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አዛውንት። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ እና «ይቺ ናት እንዴ?» ብላችሁ እንዳታፍሩ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

ዝርዝር ብር ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል፣ ከቻላችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሲደክማችሁ አራት ኪሎ ወርዳችሁ ማኪያቶ።