«ዓይን አፋር ናት» ተብላ ስትላክላችሁ፦ የስብዕና ቲዎሪ በምክር ክፍል

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ቢቸና፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የምክር አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። መምህሩ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ዓይን አፋር ናት፣ አትሳተፍም፣ ትታይልኝ» ብሎ ይልካል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ስለ ሰው ስብዕና ቲዎሪ ያወጡትን የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ፍሮይድን፣ አድለርን፣ ሮጀርስን፣ ባንዱራን፣ ለፈተና ሸምድደናቸዋል። አሁን የትኛውን እናውጣ?

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ቲዎሪ ምን እንደምትጠይቁ ይንገራችሁ። ልጅቷ ላይ የሚለጠፍ ስም ግን አትፈልጉበት።

ለማሳያ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። የማንም ታሪክ አይደለም፣ ለማስረዳት የፈጠርኳት ናት። ቤተሰቧ ገጠር ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ አገሯ ሄዳ ድርቆሽና ሽሮዋን ይዛ ትመለሳለች።

መጀመሪያ «ዓይን አፋር» የሚለውን ወደ ጎን አድርጉትና መምህሩ ጋ ሂዱ። ምን ስታደርግ አየሃት? መቼ? በየትኛው ክፍለ ጊዜ? ከዚያ ሌሎቹንም ጠይቁ። የአማርኛ መምህሯ «እሷማ ግጥም ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል» ሊላችሁ ይችላል። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊት ቆማ መዝሙር የምትመራውም እሷ ሆና ትገኝ ይሆናል። ዝም የምትለው ባዮሎጂና ፊዚክስ ላይ ብቻ ነው። ለካ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖባት፣ አንዴ ተሳስታ ተስቆባታል፣ በቃ።

ይህን አካሄድ ያገኘነው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የስብዕና መለኪያ ውጤትና ሰውየው በተጨባጭ የሚያደርገው ነገር ያላቸው ዝምድና አብዛኛውን ጊዜ 0.30 አካባቢ እንደማያልፍ (0 ማለት ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ማለት ፍጹም ዝምድና ነው) ጽፎ ባለሙያውን ሁሉ አነታረከ። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ኋላ ያመጣው ሐሳብ ነው፦ የሰው ጸባይ «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ያደርጋል» እየተባለ ሊጻፍ ይችላል። ደብተራችሁ ላይ መስመር አስምሩ። በአንድ በኩል ሁኔታውን፣ በሌላው ያደረገችውን ጻፉ። አምስት ስድስት ሲሞላ መልኩ ራሱ ይታያችኋል።

ችግሩ «አልችልም» ማለት ከሆነ ወደ አልበርት ባንዱራ ሂዱ። «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ቦታ ይመጣል ይላል፦ ራስ ሠርቶ ከማየት፣ የሚመስሉንን ሰዎች ሲሳካላቸው ከማየት፣ ከሰው ማበረታቻና ሰውነታችን የሚሰማውን ከምንተረጉምበት መንገድ። ትልቁ ጉልበት ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው። «አይዞሽ» ብቻውን ሩቅ አያስኬድም፤ እኛ ደግሞ በብዛት የምናድለው እሱኑ ነው!

ስለዚህ ሥራ ስጧት። ማታ አንድ የባዮሎጂ ጥያቄ መልስ በእንግሊዝኛ ትጻፍና አብራት ለምትኖረው ልጅ ጮክ ብላ ታንብብላት። በሳምንቱ ያንኑ ከክፍል ውጭ ለመምህሩ ትንገረው። ቀጥሎ እናንተና መምህሩ ተነጋገሩና፣ የተዘጋጀችበትን አንድ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ይጠይቃት፤ መልሷ አጭር ቢሆንም ይቀበላት፣ የሳቀም ካለ እዚያው ያስቁም። ከሷው አካባቢ የመጣች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካለች አገናኟቸው። የከተማ ጎበዝ ግን አታምጡባት፣ «እሷማ ሌላ ናት» ብላ ትዘጋዋለች። ልቤ ይመታል ካለችም፣ የሚመልሱት ልጆችም ልባቸው እንደሚመታ ንገሯት።

ይህ ሁሉ ግን ካወራች ነው። ካርል ሮጀርስ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፉ ሰው እንዲለወጥ ከአማካሪው የሚፈለጉ ብሎ ካስቀመጣቸው ሦስቱን ታስታውሳላችሁ፦ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ስሜቱን መረዳትና አለማስመሰል። እኛ አገር ሲመጣ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ልጅቷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ብትተክል ጨዋነት ነው፤ «ትብብር የላትም» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሁለተኛ፣ ሮጀርስ ምክር ከመስጠት ይቆጠብ ነበር፣ የኛ ሰው ግን ሽማግሌም ሆነ የንስሐ አባት የሚሉትን ሰምቶ መሄድ ነው የለመደው። ዝም ብላችሁ ጭንቅላት ስትነቀንቁበት «ይሄ ሰውዬ ምንም አያውቅም» ቢል አይፈረድበትም። ከመጀመሪያው «አሁን ላዳምጥዎት፣ መጨረሻ ላይ ምን ይሻላል የሚለውን አብረን እናያለን» በሉት።

ለምሳሌ አንድ አባት መጥተው «ልጄ አልሰማ አለኝ፣ ምከሩልኝ» አሉ እንበል። «ልክ ነዎት» ማለትም «ተሳስተዋል» ማለትም ቸኩሎ መፍረድ ነው። «ይህን ያህል ደክመውለት እንዲህ ሲሆንብዎ ከፍቶዎታል» በሉና ዝም በሉ። የሚቀጥለውን እሳቸው ይናገሩታል። ልጁ ማረስ አልፈልግም፣ ባሕር ዳር ሄጄ ሙያ ልማር ብሎ ይሆናል። ኤሪክ ኤሪክሰን ጉርምስናን ማንነት የሚፈለግበት ዘመን ያደረገው ለዚህ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ልጁ እምቢ ያለው አባቱን ነው ወይስ የተዘጋጀለትን ኑሮ የሚለው ነው። ጎጃም ገጠር ውስጥ ደግሞ ይህን ልጁ ብቻውን አይወስነውም፤ መሬቱም፣ አጎቱም፣ እናቱም አሉበት። ልጁን ለብቻው ከሰማችሁት በኋላ፣ እሱ ከፈቀደ፣ አንድ የሚያከብሩትን ዘመድ ጨምራችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

ከሰው ንግግርና ድርጊት ጀርባ የተሰወረ ትርጉም የሚፈልገውን ፍሮይድን በጥንቃቄ። ቅኔ ባደገበት አገር ስለምንኖር ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ፈልፍሎ ማውጣት ያምረናል። አንዳንዴ ያለው ሰሙ ብቻ ነው። ራሴን አመመኝ ያለች ልጅ ቁርስ አልበላች ይሆናል። ቤት የተመታ ልጅ ታናሹን ሲመታ ንዴቱን ወደማይመልስለት አዙሮት ይሆን ብላችሁ መጠርጠር ጥሩ ነው፤ ጥርጣሬውን ፊቱ ላይ መዘርገፍ ግን ምንም አይጠቅመውም።

የአድለርን «የመጀመሪያ ልጅ እንዲህ ነው፣ የመጨረሻ ልጅ እንዲያ ነው» ተዉት፣ ትልልቅ ጥናቶች ብዙም አልደገፉትም።

ከኢንተርኔት ወርዶ በችኮላ የተተረጎመ የአምስቱ ባሕርያት (የሰውን ስብዕና በአምስት ዋና ዋና ባሕርያት የሚለካ) መጠይቅም አለ፣ ነጥብ ደምሮ «ኒውሮቲሲዝሟ (በቀላሉ መጨነቋና መረበሿ) ከፍተኛ ነው» የሚል። ነጥቡ የሚነጻጸረው ከማን ጋር ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በቦሊቪያ ቺማኔ በሚባሉ አዳኝና ገበሬ ሕዝቦች ዘንድ አምስቱ ባሕርያት ጥርት ብለው እንዳልወጡ አሳይቷል። ለወሬ መክፈቻ ተጠቀሙበት፣ ማኅደር ውስጥ ግን አታስገቡት።

በተለይ አሁን። አማራ ክልል ውስጥ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ተኩስ ሰምታ ያደረች ልጅ በር ሲዘጋ ብትደነግጥ፣ እንቅልፍ ብታጣ፣ ያ ጸባይዋ አይደለም። መቼ እንደጀመራት ጠይቁ። መሞት የሚል ነገር ካነሳች ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ብቻዋን አትተዉአት፣ የምታምነው ሰው ይዟት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሂድ። ጸበል እየሄደች ከሆነ አትከልክሉ፣ መድኃኒት ታዞላት ከሆነ እንዳታቋርጥ ግን ከቤተሰቧ ጋር ተነጋገሩ።

ሦስት አራት ሳምንት ሞክራችሁ ለውጥ ካላያችሁ ግምታችሁን ቀይሩ፣ ልጅቷን «አልተባበር አለች» አትበሉ። ደብተሩንም ቆልፉበት። የኛ ከተሞች ትንንሽ ናቸው፣ ቢሮ የምትጋሩት መምህር የልጅቷ አከራይ ሊሆን ይችላል። ስሟን ትታችሁ በቁጥር መዝግቡ።