«ሆድ ባሰኝ» የጨጓራ ሕመም አይደለም፦ ከባሕር ዳር አሜሪካ ለገባችሁ

ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው የመንጃ ፈቃድና የባንክ ነገር ገና ሻንጣ ሳይፈታ ይጠይቃል። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ የት ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ ግን ብቅ የሚለው ሥራ ከተለቀቀ፣ ኪራይ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ጋ ወረፋው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሐዘኑ ወይም የነገሮች ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና መደወያው ያኔ ነው።

ሳይካትሪስት ፍለጋ አትባዝኑ። ፕራይመሪ ዶክተር (መደበኛ ሐኪማችሁ) ድብርትን መርምሮ መድኃኒት ማስጀመር ይችላል። ኢንሹራንስ የሌለው ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ መስመር 211 ደውሎ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፍ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ይጠይቅ፤ እዚያ ክፍያው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይሰላል፣ መክፈል ባለመቻሉ የሚመለስ የለም። መታወቂያና የቅርብ ጊዜ ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ያዙ። ባዶ እጅ ሄዶ ሙሉ ሂሳብ ሲመጣ ማማረር የተለመደ ነው። ስልክ ላይ «አማርኛ» ብትሉ አይገባቸውም፤ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አስተርጓሚ ከመጠየቅ የአክስቱን ልጅ ይዞ ይሄዳል። እዚሁ አሜሪካ ያደገ ልጅ አማርኛው የቤት አማርኛ ነው። «ሆድ ባሰኝ» ስትሉ «ሆዱን አሞታል» ይላል፤ ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት ያዛል። «ልቤን ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል» ስትሉ የልብ ምርመራ ይታዘዛል። ሁሉም «ደህና ነው» እየተባለ እናንተ እየባሰባችሁ ትሄዳላችሁ። የባሰው ደግሞ ዝምታው ነው። ያስጠጋችሁ ዘመድ አጠገባችሁ ተቀምጦ «የከበደኝ እዚህ ቤት መኖሩ ነው» የሚል ማን አለ?

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። «ሰው ይዘህ ና» ካለችህ ጸሐፊ ጋር ተከራከር፤ ድካሟን ለማቅለል ነው። «የአገሬ ልጅ ወሬ ያወጣብኛል» ለምትሉ፣ የስልክ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ነው ያለው፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት። ሰፈራችሁን፣ ደብራችሁን አትንገሩት። መለያ ቁጥሩን ጻፉ፤ አማርኛው ካላጠገባችሁ ይቀየርልኝ በሉ።

ቅጽ ይሰጣችኋል፦ 9 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት። ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። ይሉኝታ ይዟችሁ ሁሉንም 0 ብትሞሉ ደህና ናችሁ ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እኛ ዘንድ «ምነው በሞትኩ» የምሬት ንግግር ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ሐሳብ ወይም ዕቅድ ካለ ግን በግልጽ ተናገሩ። ራስን ወይም ሌላን ሰው የሚያሰጋ ነገር፣ በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃትም ሐኪሙ ከሚጠብቀው ምስጢር ውጭ ሊሆን ይችላል። «ግሪን ካርዴን ያስከለክለኛል» የሚለው ወሬ ከሐኪም አያርቃችሁ። በአእምሮ ጤና በኩል የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ የሚያየው ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ራስን ወይም ሌላን የሚጎዳ ባሕርይ መኖር አለመኖሩን ነው፤ በዚህ ምርመራ ድብርት ብቻውን አይከለክልም።

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም ሌላ ቦታ ሕክምና የጀመረ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የመድኃኒቱን ስምና መጠን ያስጽፍ፤ ለምሳሌ «ፍሎክሰቲን 20 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ»። «ነጩ ኪኒን» ማለት እዚህ አይሠራም። አዲስ የሚጀምር ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ነው። «አልተስማማኝም» ብሎ በሳምንቱ መጣል የገዛ ሥራን ማበላሸት ነው። ጠበል መጠመቅ መድኃኒት አያስቆምም፤ ጾም ካለ የመዋጫውን ሰዓት ሐኪሙን ጠይቁ። ቤተሰብም እንዲህ ይወቅልን፦ ባሕር ዳር ሲነጋ ዋሽንግተን ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ የሚያቋርጠው የታመመውን ሰው እንቅልፍ ነው።

ቀጠሮ እስኪደርስ ከጨለመባችሁ የአእምሮ ጭንቅ የስልክ መስመሩ 988 ሌት ተቀን ይሠራል። ደውሉ፤ የጽሑፍ መልእክቱ በአማርኛ አይደለም። አደጋው አሁን ከሆነ 911። ወረቀቱ ላይ «3፡00 ፒኤም» ካለ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች አሉ።