ለሰርግ ካርድና ለሽኝት ከበድ ያለ የድሮ እንግሊዝኛ፦ ምኞትን በጨዋ ደንብ እንዴት ትጽፋላችሁ

ጥር ሲደርስ ፒያሳና አራት ኪሎ ያሉት ማተሚያ ቤቶች በካርድ ይጨናነቃሉ፣ እኔ ደግሞ የካርድ እንግሊዝኛ ማየት ስራዬ ስለሆነ ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቀዋለሁ፣ «ውጪ ያሉ ዘመዶችም ስለሚያዩት ትንሽ ከበድ ያለ፣ የድሮ እንግሊዝኛ አርጉልን» ነው ሚሉት። ጥሩ ሀሳብ ነው። ችግሩ ብዙው ሰው የድሮ እንግሊዝኛ ሲባል «ዛው» እና «ዚ» ሚባሉትን የድሮ «አንተ» እና «አንተን» መበተን ይመስለዋል፣ እሱ እንደውም ከጨዋነት ጋ ሚጣላበት ጊዜ አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። የድሮ ሰው ምኞቱን ሚያሳምረው በግሱ ነው፣ ይሄን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይይዘዋል።

እዩት። «ጎድ ብለስስ ዩ» ካላችሁ ይባርክሃል ብላችሁ ነገራችሁት። «ጎድ ብለስ ዩ» ካላችሁ ግን ይባርክህ ነው፣ መረቃችሁት። ልዩነቱ ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» ናት፣ እሷ ስትወድቅ ወሬው ምርቃት ይሆናል። «ኢዝ» በሚመጣበት ቦታ ደግሞ «ቢ» ይገባል፣ «ፒስ ቢ ዊዝ ዩ»፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 2022 «ጎድ ሴቭ ዘ ኩዊን» ሲባል ኖሮ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያርፉና ቻርልስ ሲነግሡ ወዲያው «ጎድ ሴቭ ዘ ኪንግ» ተባለ፣ ግሱ ግን ንቅንቅ አላለም፣ «ሴቭስ» ሚል ሰው የለም። «ሄቨን ፎርቢድ» ሚሉትም እዚሁ ነው፣ የኛ «አያርገው» ማለት ነው በቃ።

ግን ጥንቃቄ፣ ይሄ ባዶ ግስ ዛሬ ሚሰራው በተለመዱት አባባሎች ላይ ብቻ ነው። የራሳችሁን አዲስ ምርቃት በሱ ልፍጠር ካላችሁ አንባቢው የሰዋስው ስህተት ይመስለዋል። ለአዲስ ምርቃት «ሜይ» አለላችሁ፣ እና ቅደም ተከተሉን አትንኩት፣ መጀመሪያ «ሜይ»፣ ቀጥሎ ተመራቂው፣ ከዛ ግሱ። «ሜይ ዩ ሊቭ ሎንግ» እድሜ ይስጥህ ነው፣ ገልብጣችሁ «ዩ ሜይ ሊቭ ሎንግ» ስትሉት «ረጅም እድሜ ልትኖር ትችል ይሆናል» ሆነ፣ ይሄን እንኳን ሙሽራ ሀኪምም ቢለኝ ደስ አይለኝም።

በ«ሜይ» የኛን ምርቃት አብዛኛውን ማስገባት ይቻላል። የአብርሃም የሳራ ያርግላችሁ ለማለት «ሜይ ዩር ማሪጅ ቢ አዝ ዛት ኦቭ ኤብራሃም ኤንድ ሴራ» ያምራል፣ ፈረንጁም ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቃቸዋል። እንጀራ አይጉደልባችሁ ሲሆን «ሜይ ዩ ኔቨር ዋንት ፎር ብሬድ» በሉ፣ እዚህ ጋ «ዋንት ፎር» የድሮው ትርጉም ነው፣ መፈለግ ሳይሆን ማጣት፣ እና አንዲቷ ቃል ብቻዋን አረፍተ ነገሩን አሮጌ ታረገዋለች። ውለዱ ክበዱን ግን ቃል በቃል አትሞክሩት፣ ውፈሩ ነው ሚሆነው። «ሜይ ዩር ሃውስ ቢ ብለስድ ዊዝ ችልድረን» ይበቃል።

አሁን ደግሞ ያልሆነውን መመኘት። ምነው በሆነ፣ ምነው በኖረ ሚለው ነገር በድሮ እንግሊዝኛ «ዉድ ዛት» ነው። ለምሳሌ አባት በሕይወት ከሌሉ ቤተሰብ ካርዱ ላይ ወይ ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይፈልጋል፣ እና «ዉድ ዛት ሂ ሃድ ሊቭድ ቱ ሲ ዚስ ዴይ» ተብሎ ሲጻፍ «ምነው ይህን ቀን ለማየት በበቁ» ሚለውን ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይገኛል። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩበት፣ ስለ ሀዘኑ ሁለተኛ አረፍተ ነገር ሲመጣ ካርዱ የሀዘን ካርድ ይሆናል። በሕይወት ላለ ግን ሰርጉ ላይ ለማይገኝ ሰው ከሆነ «ዉድ ዛት ሺ ዌር ሂር» ነው፣ ለእሷም ለእሱም ለእኔም «ዌር»፣ «ዎዝ» ካላችሁ የድሮው ጣዕም ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው «ዊሽ» ሰውን ሚጥለው። አንድ ቤተሰብ «ዊ ዊሽ ዩ ኩድ ካም ቱ አወር ዌዲንግ» ብሎ ሊያሳትም መጥቶ ነበር፣ ለንደን ያለ ዘመድ ሲያነበው ሚገባው «መምጣት አትችልም እንጂ ብትመጣ ደስ ባለን» ነው፣ ጠርተው አልጠሩትም ማለት ነው። «ዊሽ» በቀጥታ ስም ሲከተለው ሰላም ነው፣ ከጥንት ጀምሮ ለተጋቢዎች ሚባለው «አይ ዊሽ ዩ ጆይ» ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሄዳችሁ ያስመስላችኋል፣ በጣም እወደዋለሁ። ሊሆን ሚችል ነገር ከሆነ ግን «ሆፕ» ነው ቦታው።

ባይዘዌይ ከሰርግ ሳንወጣ፣ የድሮው የእንግሊዝ ደንብ ሙሽራውን «ኮንግራቹሌሽንስ» ይላል፣ ሙሽሪትን ግን አይልም። ለሷ መልካም ምኞት ነው ሚሰጣት፣ ምክንያቱም ለሴት እንኳን ደስ ያለሽ ማለት «በስንት ትግል ባል ያዝሽ» ይመስላል ተብሎ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው አይከተለውም፣ ግን እንግሊዛዊት አሮጊት ካርዱን ሚያዩት ከሆነ ይመለከቱታል።

«ዛው»ን ቃል ገብቼ ነበር። «ዛው» አንተና አንቺ ነው፣ «ዩ» ነበር እርስዎው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ሚመስለው እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እግዚአብሔር «ዛው» ስለሚባል ነው፣ እኛም ግን በጸሎት አንተ ነው ምንለው እኮ፣ እርስዎ አንልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከሮች ሚባሉት ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ሹሙንም አንተ ማለት ሲጀምሩ እንደ ንቀት ተቆጥሮባቸው ብዙ ጣጣ አምጥቶባቸዋል። ስለዚ ለሚሸኝ ዳይሬክተር ሽልድ ላይ «ዛው» ብሎ ማስቀረጽ ጋሽ እገሌን ስብሰባ መሀል አንተ እንደማለት ነው። «ፕሪዚ»ም እንደዛው፣ እባክህ ነው እንጂ እባክዎ አይደለም። ከላይ ላለ ሰው «ፕሬይ» ትበልጣለች፣ «ፕሬይ ቢ ሲትድ»፣ እባክዎ ይቀመጡ።

ለደብዳቤ ብዙ አላወራም። ፍላጎታችሁን «አይ ዋንት» አትበሉት፣ «አይ ሹድ ላይክ» በሉት፣ የድሮ እንግሊዞች ከ«አይ» እና ከ«ዊ» ጋ «ዉድ» ሳይሆን «ሹድ» ነበር ሚያስገቡት፣ እዚህ ጋ ግዴታ የለበትም። ከሰው ስራ ስትፈልጉ «አይ ሹድ ቢ ኦብላይጅድ ኢፍ ዩ ዉድ» ብላችሁ ጉዳያችሁን ቀጥሉ፣ ቢያደርጉልኝ ውለታዎ አለብኝ አይነት ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ አንዴ ብቻ፣ ሲደጋገም ሚያሾፍ ይመስላል።

የካርዱ ዋና መስመር ደግሞ ሁሌም በሶስተኛ ሰው ነው፣ «እኛ» ሚባል ነገር የለም። የእንግሊዞቹ «ሚስተር ኤንድ ሚስስ እገሌ ሪኩዌስት ዘ ፕሌዠር ኦቭ ዩር ካምፓኒ አት ዘ ማሪጅ ኦቭ ዜር ዶተር» ነው። አሜሪካኖቹ ቤተክርስቲያን ለሚፈጸም ጋብቻ «ዘ ኦነር ኦቭ ዩር ፕረዘንስ» ይላሉ፣ «ፕሌዠር»ን ለግብዣው ይተዉታል። ስለዚ ተክሊሉ ሥላሴ፣ ምሳው ሆቴል ከሆነ ሁለቱንም በየቦታቸው መጠቀም ትችላላችሁ፣ «ኦነር»ን ግን የእንግሊዞቹን ፊደል ይዛችሁ «ዩ»ዋን አትርሱ፣ አሜሪካኖቹም ራሳቸው ለሰርግ ካርድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያስገቧታል።

ታች ላይ ሚገባው «አር ኤስ ቪ ፒ» ፈረንሳይኛ ነው፣ እባክዎ መልስ ይስጡ ማለት ነው፣ ስለዚ ፊቱ ላይ «ፕሊስ» ስትጨምሩ እባክዎ እባክዎ ሆነ። ከስሩ ስልክ ቁጥር አስገቡ፣ ስልክ ሚያነሳ ሰው ቁጥር ይሁን፣ የሙሽራውን አትስጡ።