ስለ ቡዳ አስፈሪ አጭር ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

ለ2,000 ቃላት ልቦለድ አንድ ጥርጣሬ ይበቃል። በቅድሚያ ተራ ምክንያት አዘጋጁ፦ ሕፃኑን ያመመው ወባ ነው እንበል። እናንተ እወቁት፤ ተራኪዋ እናት ግን አትወቀው። ከዚያ የሰፈሩን እምነት በጥቂት በጥቂቱ አስገቡ፦ ልጁ ሲበላ በነጠላ መከለል፣ አንገቱ ላይ የታሰረ ክታብ፣ የጤና አዳም ሽታ።

ፍርሃቱን የሚያሳድገው ወሬ ነው። አንዷ ጎረቤት ስለ ሰፈሩ ሸክላ ሠሪ «ዓይኗ አላማረኝም» ትበል። ሁለት ገጽ ቆይቶ ያችው ሸክላ ሠሪ ቡና ላይ ስትደርስ ሁሉም ዝም ይበል። ማንም ምንም አያብራራ፤ እናትየዋ ዝምታውን ራሷ ትተርጉመው። ልብ የሚያርደው ይህ ነው።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት ሴትዮዋን ማታ ጅብ አድርገው ሲያሳዩ ነው። ጥርጣሬው እዚያው ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት የተገለሉበትን ሐሰት እውነት ማድረጉ ነው። ጅቡ ከአጥር ውጭ ይጩህ እንጂ አይታይ።

ረቂቁን ለሁለት ሰው አስነብቡ። ሁለቱም ያለማመንታት «ቡዳ ናት» ካሉ፣ እየተመላለሰ የሚያንቀጠቅጠውን ብርድና ትኩሳት ከታሪኩ አጋማሽ በፊት ጨምሩበት።