ናሙና ሲያስተምሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች አማካይ ማውጣት አያቅታቸውም። ጣጣው የሚመጣው ከጥቂቱ ተነስታችሁ ስለ ብዙው ተናገሩ ሲባሉ ነው።

ምልክት፦ ልጆቹ ያገኙትን ቁጥር በላጲስ አጥፍተው የጎረቤታቸውን ይገለብጣሉ።

በየቡድኑ አንድ ከረጢት ቦሎቄ ሰጥተዋል እንበል። ከ100 ፍሬ 40ው ቀይ፣ ቀሪው ነጭ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ይመዘግባል፣ መልሶ ይቀላቅላል፤ 10 ጊዜ። አንዷ 3 ቀይ፣ ሌላው 6 ቀይ ያገኛሉ። ወዲያው «ቲቸር፣ የማናችን ነው ልክ?» ይመጣል።

ምክንያት፦ ሒሳብ አንድ መልስ ብቻ አለው ሲባሉ ነው ያደጉት። ልዩነት ካዩ አንዳችን ተሳስተናል ይላሉ።

መፍትሄ፦ ላጲሱን ያስቀምጡ። ሰሌዳው ላይ ከ0 እስከ 10 ይጻፉና ሁሉም እየወጣ ባገኘው ቁጥር ላይ አንድ ነጥብ ያድርግ። ልጆቹ 50 ከሆኑ 45 ያህሉ ከ2 እስከ 6 ባለው ውስጥ ያርፋሉ። ነጥቦቹ 4 አካባቢ ሲቆለሉ መናገር አያስፈልግዎትም፤ ያዩታል። ቀጥሎ አራት አራት ሆነው ውጤታቸውን ይደምሩና በመቶኛ ይጻፉ። ናሙናው 4 እጥፍ ሲሆን መበታተኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀመሩን ግን ለጊዜው ይተዉት። ቀመር ከገባ ነጥቦቹን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ከረጢቱንም ቶሎ አይክፈቱ፣ ትንሽ ይጓጉ!

ምልክት፦ «ናሙና ውሰዱ» ሲባሉ አጠገባቸው ያለውን ጓደኛ ይጠይቃሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይቀላል። መፍትሄው ዕጣ ነው፣ ዕጣ ደግሞ ከዕቁብ ያውቁታል። ዋናው ነገር ስሙ የሚወጣው ከክፍሉ ስም ዝርዝር እንጂ በዕለቱ ከመጡት አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ በወሎ የባቲ ከተማ ገበያ ሰኞ ነው። «በሳምንት ስንት ቀን ቤተሰብ ታግዛላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሰኞ ክፍል ለተገኙት ብቻ ቢቀርብ፣ ከእናቱ ጋር ገበያ የወረደው ልጅ ይቀራል። ይበልጥ የሚያግዘው እሱ ቢሆንስ? የተገኙትን መቶ ጊዜ ቢጠይቁ እሱን አይተኩትም። ስሙ ከወጣ በማግስቱ ይጠየቅ።

ምልክት፦ ከአንድ የደሴ ትምህርት ቤት ጠይቀው «የወሎ ተማሪዎች እንዲህ ናቸው» ይላሉ። ናሙናው ከየት እንደወጣ ረስተውታል፤ ስለ ወልድያና ስለ ሰቆጣ ልጆች የሚያውቀው ነገር የለም። «በትምህርት ቤታችን ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው ይመስለናል» ብለው እንዲጽፉ ያስለምዷቸው። ፈተና ላይም እንዲህ ላለው ሙሉ ማርክ፣ ደረቅ ቁጥር ብቻ ላስቀመጠው ግማሽ ይስጡ።