የጥንት የእንግሊዝ ገጠር ማደሪያ ቤት የጭቃ ግድግዳ እንዴት ይጠገናል?

በእንግሊዝ ሶመርሴት አውራጃ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር ያለው ጆርጅ ኢን የተባለ ማደሪያ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ፎቆች ደግሞ የእንጨት ዋልታና ማገር ናቸው። በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ ማደሪያዎች ክብደቱን የሚሸከመው ኦክ የተባለው ጠንካራ እንጨት ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ሥራው አይከብደውም።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ መጀመሪያ የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቁ። የቤቱን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው።

ግድግዳውን በጣት መታ መታ አድርጉ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ጭቃው ከማገሩ ተላቋል፤ እሱን ብቻ አንሱ። የወረደውን ጭቃ አትጣሉት፤ በውኃ ተዘፍዝፎ አዲስ ጭድ ሲገባበት እንደገና ያገለግላል። የጎደለውን ከላይኛው አፈር በታች በተቆፈረ ሸክላማ አፈር ሙሉ፤ ሥር ያለበት የላይ አፈር ይበሰብሳል።

ማገሩ ራሱ ከጠፋ የኦክ ቋሚዎቹን ጫፍ በላይኛው አግዳሚ ቀዳዳ አስገብታችሁ እግራቸውን በታችኛው አግዳሚ ቦይ ላይ አንሸራትቱ፤ ሄዘል ከተባለው ቁጥቋጦ የተቆረጠ እርጥብ ቀንበጥ በመሃላቸው ጠልፉ። ጭቃው ጠጠር ይበል። ውኃ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሸክላው ከበዛም እንዲሁ፣ ያኔ አሸዋ ጨምሩ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ እኩል ይምረግ፤ ጭቃው በማገሩ ክፍተት ውስጥ ካልተገናኘ ይወድቃል። ለኖራው ልስን ቦታ እንዲተርፍ ከእንጨቱ ፊት ትንሽ ገባ ይበል፤ ኖራው እንዲይዝም ላዩን ጫሩት። ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ከእንጨቱ ጋር የሚፈጥረውን ስንጥቅ በጠጉር በተቀላቀለ ኖራ ድፈኑ።

ልስኑ አንድ እጅ በውኃ ተዘፍዝፎ የበሰለ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋና የከብት ወይም የፍየል ጠጉር ነው። ከእንጨቱ ጋር እኩል ይጨረስ፤ ወጣ ካለ ዝናብ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አትሥሩ፣ ውርጭ ያፈርሰዋል። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።

ሲሚንቶ ፈጽሞ አታስጠጉ። በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል በምትከፈተው ቀጭን ስንጥቅ ውኃ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለው ኦኩን ያበሰብሰዋል፣ ቀድሞ የሚሄደውም የታችኛው አግዳሚ ነው። እንጨቱን ጥቁር መቀባትም አያስፈልግም፤ በብዙ ቦታ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው።

በመጨረሻ ግድግዳውን እያረጠባችሁ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቀቡ። ወፍራም አንድ ቅብ በቶሎ ይላጣል።