ሜቶትሬክሴትን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መውሰድ፦ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም በመሆኑ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ሥቃዩን ቢያበርዱም የመገጣጠሚያውን መጎዳት አያቆሙም። ይህን ለመግታት አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ሲሆን፣ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። በስሕተት በየቀኑ የወሰደ ሰው የአጥንት መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆም፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀን ይምረጡና «እሑድ ማታ» ተብሎ በካርቶኑ ላይ በግልጽ እንዲጻፍልዎ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ቀጥሎ የኪኒኑን መጠን ያንብቡ። የታዘዘልዎ 15 ሚሊግራም ከሆነ ባለ 2.5 ሚሊግራሙ 6 ፍሬ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ባለ 10 ሚሊግራም ቢሰጥዎና በለመዱት ቁጥር ቢውጡ ግን 60 ሚሊግራም ወሰዱ ማለት ነው። 6 ፍሬ በአንድ ጊዜ መዋጥ ከብዶት ለ6 ቀን የሚያከፋፍል ሰው ጥንቃቄ ያደረገ ቢመስለውም፣ አደጋውን የሚያባብሰው ይኸው ነው።

የአፍ ቁስልንና ማቅለሽለሽን ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድም ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢጫ ኪኒን ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ዕቃ አያስቀምጡ።

ከመጀመርዎ በፊት የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ እንዲሁም የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ይደረጋል። የደም፣ የጉበትና የኩላሊቱ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ ደህና ነኝ ብሎ መቅረት አይገባም። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ እርግዝና ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። አረቄም ሆነ ጠጅ ከዚህ መድኃኒት ጋር ተደምሮ ጉበትን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ለሳል ኮትሪሞክሳዞል፣ ማለትም ባክትሪም፣ ሊሰጥዎ ሲል ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሁለቱ ተባብረው መቅኔውን ያደክማሉ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ ቁስል ከታየ ቀጣዩን መጠን ሳይወስዱ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ሕመሙንና እብጠቱን ቶሎ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ እርሱንም ለሳምንታት ከወሰዱት በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀንሱት እንጂ በድንገት አያቋርጡት።